ግብረ ገብ እንደ አገሩ ነውን? ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ለክፍል ትምህርት ስላለው ጥቅምና ጉድለት

1. የጥያቄው አነሣሥ

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲልኩ፣ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች አብረው ሄደው ከኋላ ወንበር በመቀመጥ ትምህርቱን መከታተላቸው የተለመደ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል የሥነ ምግባር ትምህርት ሲከታተል ያጋጠመው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። የዕለቱ ርእስ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚያስከትለው ጉዳት ነበር። ዕጩ መምህሩ በሚገባ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሠሌዳውንም በሥርዓት ከፋፍሎ ጽፎበታል። ከመካከል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ባለፈው ሳምንት የሁሉም ሕዝብ ባህል ይከበር፣ የአንዱን ባህል በሌላው ሚዛን መመዘን አይገባም ብለውን ነበር። ልጅን በጊዜ መዳር የእኛ ባህል ነው። ታዲያ መጥፎ ነው ያለው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ዕጩ መምህሩ ጥቂት ካመነታ በኋላ «መጽሐፉ ነዋ!» ብሎ ወደ ማጠቃለያው አለፈ። በፊት ወንበሮች የተቀመጡት ልጃገረዶች ግን አንገታቸውን እንደ ደፉ ቀሩ፤ የተነሣው ጥያቄ ለእነርሱ የሐሳብ ጨዋታ አልነበረምና።

ጥፋቱ የዕጩ መምህሩ ነበር ማለት አይቻልም። ሁለቱም ትምህርቶች፣ ማለትም ስለ ባህሎች መከባበር የሚናገረውም ሆነ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚናገረው፣ የተወሰዱት ይህ ጸሐፊ ራሱ በዝግጅቱ ከተሳተፈበት አንድ ረቂቅ ነው። ሁለቱን ትምህርቶች በተለያየ ምዕራፍ ስናስቀምጥ አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም፤ ልብ ያለው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። የልጁ ጥያቄ በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ነው። ግብረ ገብ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ነውን? ወይስ እንደየአገሩና እንደየሰዉ የሚለዋወጥ ነው? ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሂስ ይህንኑ ጥያቄ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ በመባል በሚታወቀው የግእዝ ድርሰት አማካይነት ለመመርመር ይሞክራል። ድርሰቱ የተመረጠው የአገራችን ስም ስለሚጠራበት ብቻ አይደለም። ጥያቄውን የሚያነሣው ሰው በድርሰቱ ውስጥ መምህር ሆኖ ስለ ቀረበና የገጠመው ፈተናም ዕጩ መምህራችን ከገጠመው ጋር ስለሚመሳሰል ነው።

2. ሁለት የማያጠግቡ መልሶች

ለተማሪው ጥያቄ በልማድ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «ሁሉም እንደ ባህሉ ነው» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ አደረገው ብሎ የሚተርከው ነገር አለ። ንጉሡ ሙታናቸውን የሚያቃጥሉትን ግሪኮች ጠርቶ፣ ምን ያህል ቢከፈላቸው የአባቶቻቸውን ሬሳ ለመብላት እንደሚስማሙ ጠየቃቸው፤ ምንም ቢከፈለን አናደርገውም አሉ። ቀጥሎም የወላጆቻቸውን ሬሳ የመብላት ልማድ የነበራቸውን ሕንዳውያን ጠርቶ፣ ምን ያህል ቢከፈላቸው ሬሳውን ለማቃጠል እንደሚስማሙ ሲጠይቃቸው በድንጋጤ ጮኹ። ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚያወጡት ትምህርት ልማድ የሁሉ ንጉሥ ነው የሚል ነው። ነገር ግን ታሪኩን ደግሞ ላጤነው ሰው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የሞተ ወላጅ መከበር እንዳለበት አልተጠራጠሩም። የተለያዩት ክብሩ በምን ይገለጻል በሚለው ነው። ስለዚህ የሥርዓት መለያየት ብቻውን የመሠረቱን መለያየት አያረጋግጥም።

በቅርቡም ዘመን ቢሆን ጥያቄው በከፍተኛ መድረክ ተነሥቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብት መግለጫውን በሚያዘጋጅበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር የሥራ አመራር ቦርድ የአንድ ባህል መመዘኛ ለሰው ልጅ ሁሉ መመዘኛ ሆኖ እንዳይቀርብ የሚያሳስብ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። በዚያን ጊዜ በቅኝ ግዛት ይማቅቁ የነበሩትን ሕዝቦች ሁኔታ ለሚያስታውስ ሰው ሥጋቱ ተገቢ ነበር። ሆኖም መግለጫው በ1948 ሲጸድቅ 48 አገሮች ደግፈውታል፤ ኢትዮጵያም ከደጋፊዎቹ አንዷ ነበረች። ድምፃቸውን ካቀቡት 8 አገሮች አንዷ በዚያው ዓመት የዘር መድልዎን የመንግሥት መመሪያ ማድረግ የጀመረችው ደቡብ አፍሪካ መሆኗ ሊዘነጋ አይገባም። «ይህ የእኛ አኗኗር ነውና አትፍረዱብን» የሚለው ቃል ደካማውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ለበዳዩም መሸሸጊያ ይሆናል። ከዚህም በላይ «የሁሉም ባህል ይከበር» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ለሰው ሁሉ የተሰጠ የግብረ ገብ ትእዛዝ ነው። ሁሉ እንደ ባህሉ ከሆነ፣ ባህሉ ሌላውን መናቅ የሆነውን ሰው በምን እንወቅሰዋለን?

ሁለተኛው መልስ ዕጩ መምህሩ የሰጠው ነው፤ «ተጽፏልና ነው» የሚል። ይህም እንደ መጀመሪያው አያዘልቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መዳር ስሕተት የሆነው ሕጉ በተሻሻለበት ዕለት ነውን? ይህን የሚል ቢኖር ሕጉ ለምን እንደ ተሻሻለ ሊያስረዳ አይችልም። ሕጉ የተሻሻለው ከሕጉ በፊት የነበረ ምክንያት ስላለ ነው። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» የሚለው ብሂል እንዴት መኖር እንደሚቻል ይነግረናል እንጂ ንጉሡ ያጎነበሰለት ነገር ትክክል መሆኑን አይነግረንም።

3. ድርሰቱና ስለ ድርሰቱ የተነሣው ክርክር

እንደ ድርሰቱ አተራረክ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድኃ ገበሬ ተወለደ፤ ዜማና ቅኔ፣ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ ተማረ፤ ከዚያም በአገሩ መጻሕፍትን ለአራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሪቱ በሃይማኖት የተከፈለችበት ዘመን ነበር። መምህሩ ሲተረጉም «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ» እያለ የሁለቱንም ያቀርብ ነበር እንጂ ይህ ደግ ነው፣ ያ ክፉ ነው አይልም ነበር። በዚህም ምክንያት ሁሉም ጠሉት፤ በንጉሡም ዘንድ ተከሰሰ። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በጥልቅ ገደል ሥር ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ካረፉ በኋላ ወጥቶ በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ፤ የባለጸጋውንም ልጆች አስተማረ። ሐተታውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1667 በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ጥያቄ ነው ይባላል፤ ወልደ ሕይወትም ከመምህሩ በኋላ የራሱን ሐተታ ጽፏል።

ይህን ታሪክ ለተማሪ የሚያስተምር መምህር ክርክሩንም መደበቅ አይገባውም። የድርሰቱ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የደረሱት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ በነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ አማካይነት ሲሆን፣ በአንቷን ዳባዲ ስብስብ ውስጥ ገብተው ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 የግእዙን ንባብ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 ድርሰቱ የሚስዮናዊው የራሱ ሥራ ነው ሲል ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያስተምሩ የኖሩት ክላውድ ሳምነር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባሳተሟቸው ሰፊ ጥናቶች ኢትዮጵያዊነቱን ተከላክለዋል፤ በ2013 ደግሞ አናይስ ዊዮን የኮንቲ ሮሲኒን ሐሳብ በአዲስ ማስረጃ አንሥታዋለች። ክርክሩ ለታሪክ ትምህርት ታላቅ ዋጋ አለው። ለዚህ ሂስ ጉዳይ ግን ወሳኝ አይደለም። ድርሰቱ ራሱ አንድ ቃል እውነት መሆኑ ማን እንደ ተናገረው በመጠየቅ እንደማይታወቅ ያስተምራልና፣ በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል። «የእኛ ነውና ትልቅ ነው» ብሎ ማስተማር የተማሪውን «ባህላችን ነውና ትክክል ነው» ማጽደቅ ይሆናል።

4. የሐተታው ሚዛን

ዘርዐ ያዕቆብ በዋሻው ውስጥ የሚጠይቀው ጥያቄ በቀላል አነጋገር ይህ ነው። ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ አይሁዱም እውነቱ በእኔ ዘንድ ነው ይላል፤ ሁሉም ተከራካሪ ከሆነ ዳኛው ማን ነው? መልሱም ለሰው ሁሉ የተሰጠ የልቡና ብርሃን አለ፤ ሰውም በትዕግሥት ቢመረምር እውነቱን ከልማድ ይለያል የሚል ነው። ሰዎች የማይስማሙት እውነት ስለሌለ ሳይሆን መመርመር አድካሚ ስለሆነና ከአባቶቻቸው የሰሙትን መቀበል ስለሚቀልላቸው ነው። በዚህ ሚዛን የገዛ ወገኑን መጻሕፍት ሳይቀር ይመረምራል። ከዐሥሩ ትእዛዛት ሰንበትን ስለ ማክበር ከሚናገረው በቀር ሌሎቹን የእያንዳንዱ ሰው ልቡና የሚያውቃቸው ናቸው ይላል። በራስህ እንዲደረግ የማትሻውን በሌላው ላይ አታድርግ የሚለውንም የሁሉ መሠረት ያደርገዋል።

የዚህ ሚዛን ጥንካሬ ከመምህርነቱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ይታያል። በአክሱም ሳለ ሁለቱን ወገን እኩል አቅርቦ ዝም ይል ነበር። ይህ ጨዋነት ነበር፤ ለተማሪዎቹ ግን እንዴት እንደሚመረምሩ አላሳያቸውም። ከዋሻው በኋላ የተማረው በሁለት ሐሳቦች መካከል ቆሞ መቅረትም ሆነ አንዱን በሥልጣን መጫን ሳይሆን ምክንያትን ማቅረብ ነው። የእኛ ረቂቅ የቆመው ገና በአክሱሙ ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

5. የሐተታው ጉድለት

ይሁን እንጂ ድርሰቱን በውዳሴ ብቻ ማለፍ የድርሰቱን መንፈስ መካድ ይሆናል። ሦስት ጉድለቶች በተለይ መምህርን ይመለከታሉ።

አንደኛ፣ ደራሲው ሁለት የተለያዩ ሚዛኖችን አንድ አድርጎ ይጠቀማል። አንዱ ሚዛን በራስህ ቢደረግ ትቀበለዋለህ ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ነው። ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥንና መለወጥን በሚነቅፍበት ጊዜ የመጀመሪያው ሚዛን በግልጽ ይሠራል፤ የሚሸጠው ሰው ቢጠየቅ እንደማይስማማ ማንም ያውቃልና። ምንኩስናን ሲነቅፍ ግን የሚይዘው ሁለተኛውን ነው፤ ጋብቻ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ መነኩሴ ሕጉን ያፈርሳል ይላል። ነገር ግን ወዶ የመነነ ሰው ማንን በደለ? ባሪያውና መነኩሴው በአንድ ፍርድ መጠቃለላቸው ስሕተት ነው። በተፈጥሮ ብዙ ነገር አለ፤ በሽታም ተፈጥሮ ነው። ደራሲው በዚህ ስፍራ ልቡና ተናገረ የሚለን የራሱ ዝንባሌ የተናገረውን ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ግብረ ገብ ግላዊ ነው የሚሉት ሰዎች ትክክል የሚሆኑትም እዚህ ላይ ነው፤ የግል ዝንባሌ የሁሉን ሕግ ስም ለብሶ ሊመጣ እንደሚችል ያስጠነቅቁናል።

ሁለተኛ፣ ምርመራው የተካሄደው በዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው ከአሳዳጅ ሰውሮታል፤ ከሚያርመው ሰውም አርቆታል። ለምሳሌ ያህል ስለ ሰው ንግድ የሰነዘረው ነቀፌታ የወረደው በእስልምና ሕግ ላይ ነው። በክርስቲያኑም አገር ባሪያ ይያዝ እንደነበረ ግን የታወቀ ነው። በጎረቤት ማድ የበቀለውን አረም አይቶ የራስን አለማየት የብቸኛ መርማሪ ፈተና ነው።

ሦስተኛ፣ ደራሲው የደረሰበትን እውነት በአደባባይ አልገለጠም፤ በውጭ እንደ ጎረቤቶቹ ሆኖ መኖሩን ራሱ ይናገራል። በዚያ ዘመን የነበረውን አደጋ ለሚያውቅ ሰው ይህን መውቀስ ይከብዳል። ለመምህር ግን ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

እነዚህ ጉድለቶች ሁሉ የሚታረሙበት አንድ ስፍራ በድርሰቱ ውስጥ አለ፤ ይኸውም የሂሩት ታሪክ ነው። ሂሩት በሀብቱ ቤት አገልጋይ ነበረች፤ ደራሲውም መልከ መልካም ባትሆንም ደግ፣ አስተዋይና ታጋሽ መሆኗን ይመሰክርላታል። ሊያገባት በፈለገ ጊዜ ጌታዋን ብቻ ጠይቆ አልቀረም፤ የእርሷንም ፈቃድ ጠየቀ። ከእንግዲህ ገረድ ልትባል አይገባም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና አለ። እዚህ ላይ ልቡና ከዋሻ ወጥቶ ከሰው ጋር ተነጋገረ። የሁሉ የሆነው ግብረ ገብ ከሰማይ እንደ ወረደ ድምፅ አልመጣም፤ ነገሩ የሚደርስባት ሰው ስትጠየቅ ተገኘ።

የራሳችን ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። ፍትሐ ነገሥት ነጻነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ የተሰጠ መሆኑን ይገልጻል፤ ሆኖም በጦርነት ምክንያት አንዱ ለሌላው ባሪያ እንደሚሆን ይቀበላል። ባርነትን የሚገታ አዋጅ የወጣው ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ባርነት ባህላችን ነበር የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ነጻነትም በዚያው ባህል መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ባህል አንድ ድምፅ ብቻ የለውም። «ባህላችን ነው» የሚል ሁሉ ከድምፆቹ የትኛውን መርጦ እንደሚናገርና ሳይጠየቅ የቀረው ማን እንደሆነ ሊመልስ ይገባዋል።

6. የፍልስፍና ተግባር

ከዚህ በመነሣት ፍልስፍና ለምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ፍልስፍና የትእዛዛት ዝርዝር አያቀርብም፤ ያንንማ ሕግም ሃይማኖትም ከእርሱ ይልቅ አሟልተው ያቀርባሉ። ሁሉን አጠራጥሮ ተማሪውን ሜዳ ላይ መጣልም ተግባሩ አይደለም። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በአቴና ሞት የተፈረደበት ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ ነበር፤ ሲያደርግ የኖረው ግን አውቃለሁ የሚለውን ሰው ምክንያቱን መጠየቅ ነው። የፍልስፍና ተግባር ፍርዳችን ምክንያት እንዲኖረው፣ ምክንያቱም የእኛ ጥቅምና ዝንባሌ ብቻ እንዳይሆን መፈተሽ ነው። ይህን ተግባር ለትምህርት ይበልጥ ያቀረበው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ነው። እርሱ ስለ እጅ ሥራ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ የሌላ እምነት ተከታይንም እንደ ወንድም ስለ መውደድ በምሳሌ እያዋዛ ይመክራል። በሐሳብ ጥልቀት መምህሩን አይደርስበትም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ምርመራው ከዋሻ ወጥቶ ወደ መንደር መግባት እንዳለበት የተረዳ ይመስላል።

7. ለክፍል ትምህርት የሚሆን አስተያየት

ከላይ ከቀረበው ሂስ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉት ሐሳቦች ሊቀርቡ ይችላሉ።

ሀ. ስለ ባህል መከባበርና ስለ ጎጂ ልማድ የሚናገሩት ትምህርቶች በተለያየ ምዕራፍ ተራርቀው መቀመጥ የለባቸውም። ባህልን የምናከብረው ባህሉ የሰዎች ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ የአክብሮቱ መሠረት የሆነው ሰው በባህሉ ስም ሲጎዳ አክብሮቱ ራሱ እንድንናገር ያስገድደናል። ሁለቱ ትምህርቶች በዚህ ምክንያት ተያይዘው ሊጻፉ ይገባል።

ለ. ለክፍል ውይይት አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ቢቀርቡ ይበቃሉ። የሚደረገው ምንድን ነው? የሚደርሰው በማን ላይ ነው? ያ ሰው ተጠይቋልን? እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን የተሰጠውን ምክንያት እቀበለዋለሁን? በዚህ ሚዛን የአለባበስ፣ የአመጋገብና የልቅሶ ሥርዓት መለያየት ማንንም የማይጎዳ ልዩነት ሆኖ ይቀራል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግን አያልፍም።

ሐ. የሐተታው ምንባብ በትምህርት ሲቀርብ ስለ ደራሲው የተነሣው ክርክር አብሮ ይቅረብ። ተማሪው የአገሩን ስም የያዘ ድርሰት ሲመረምር ማየቱ ሌላውን ሁሉ ለመመርመር ያስደፍረዋል።

መ. ፈተናዎቻችን «ጎጂ ልማዶችን ዘርዝር» ማለትን ቢቀንሱና «ምክንያትህን አስረዳ» ማለትን ቢጨምሩ መልካም ነው። ለማረም አስቸጋሪ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የማይፈተን ነገር በክፍል እንደማይሠራበት ማንም መምህር ያውቃል።

ሠ. በማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራን ትምህርት ማቅረብን ብቻ ሳይሆን ላልጠበቁት ጥያቄ መልስ መስጠትን ይለማመዱ። «አላውቅም፣ አብረን እንመርምረው» ማለት ውርደት እንዳልሆነ ከመምህሮቻቸው ሊያዩ ይገባል።

ይህ ሁሉ መምህሩ በማንኛውም ጉዳይ ገለልተኛ ይሁን ማለት አይደለም። የሕፃን ሕይወት አደጋ ላይ በወደቀበት ጊዜ «እነዚህ እንዲህ ይላሉ፣ እነዚያ እንዲያ ይላሉ» ብሎ ዝም ማለት የአክሱሙን መምህር ስሕተት መድገም ነው። መምህሩ አቋሙን ይናገር፤ ምክንያቱንም አብሮ ይናገር፤ ምክንያቱ እንዲጠየቅም ይፍቀድ።

ያ ተማሪ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ቢያነሣ መልሱ ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል። «ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። መጥፎ ነው ያለው መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ባህላችን ነው ስትል እኛ ያልኸው እነማንን ነው? እኅትህ በዚያ ውስጥ አለችበትን? እስቲ መጀመሪያ የምትዳረዋን እንስማ።» ከዚያም መምህሩ ወደ ፊት ወንበሮች መመልከትና ሊናገሩ ለሚፈልጉት ጊዜ መስጠት ይኖርበታል፤ ማንንም ሳያስገድድ። ረቂቁ እንደገና በተጻፈ ጊዜ ይህ ጸሐፊ በመምህሩ መምሪያ ላይ እንዲጨመር ያሳሰበው አንድ ዐረፍተ ነገር ይኸው ነበር።